ለአንድ ዳዶ የተደረገ ዱዓ

ተጠራጣሪ ሰው ነኝ። ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ ከእኔ ይልቅ የሚታዘንለት የሐይቅ ከተማ ሕዝብ ነው። ወሎ ውስጥ ተጠራጣሪ ሆኖ መኖር ከባድ ነገር ነው። መንገድ ብትለቁለት የሚመርቅ፣ ሰዓት ብትነግሩት የሚመርቅ፣ ምንም ባታደርጉለትም በአጠገቡ ስላለፋችሁ ብቻ የሚመርቅ ሰው መሃል ነው የምኖረው። ሌላው «አሚን» ብሎ ያልፋል። እኔ ቆም እላለሁ። ሽማግሌ «ዕድሜህን ያርዝመው» ሲሉኝ፣ ፊቴ ላይ ምን ታይቷቸው ይሆን ብዬ መስታወት ፍለጋ እሄዳለሁ። አሣ ሻጯ «አሁን ከውሃው የወጣ ነው» ካለችኝ፣ እሷን ትቼ የአሣውን ዓይን እመረምራለሁ። እስካሁን ያላገባሁት በዚሁ ጠባዬ ነው ይላሉ። ማን እንዳለው ገና በማጣራት ላይ ነኝ።

ሥራዬ ፊዚክስ ማስተማር ነው። በየዓመቱ ቶርክ የሚባለው ትምህርት ላይ ስንደርስ የክፍሉን በር ነው የማስተምርበት። አንዱን ፈርጣማ ተማሪ ማጠፊያው አጠገብ፣ አንዷን ቀጭን ተማሪ እጀታው ጋ አቆምና በሩን በተቃራኒ አስገፋቸዋለሁ። ቀጭኗ ታሸንፋለች። ክፍሉ ይስቃል። ከዚያ ሰሌዳው ላይ እጽፋለሁ፦ ቶርክ ማለት የገፋህበት ኃይል፣ ሲባዛ ከማጠፊያው ባለህ ርቀት። ክንድህ ባይጠነክርም መፍቻህን ካስረዘምከው ያው ነው። ይህን አሥራ አንድ ዓመት አስተምሬያለሁ። በአሥራ አንዱ ዓመት ውስጥ በገዛ እጄ ያጠበቅሁት የቡሎን ማሰሪያ ዳዶ ግን አልነበረም። የዚያው በር ማጠፊያ ሲላላ እንኳ የሚያጠብቀው የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነው።

እህቴ ሰዓዳ ሰባት ዓመት ዓረብ አገር የሰው ቤት ስትሠራ ቆይታ ተመለሰች። የሰባት ዓመቷን ሁሉ አንድ ላይ አድርጋ ባጃጅ ገዛችበት፤ ሹፌር መቅጠርም አልፈለገችም፣ ራሷ ነው የምትነዳው። ከሐይቅ ከተማ ወደ አርዲቦ ሐይቅ መንደሮች ገበያተኛ ታመላልሳለች። ስትነዳ በአምባሰል ቅኝት ታንጎራጉራለች፤ ተሳፋሪው መውረጃውን እየረሳ ያልፋል። እኔን ባጃጇ አጠገብ ማየት ግን አትወድም። አንድ ጊዜ የጎን መስታወቷን «ላስተካክልልሽ» ብዬ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ መስታወቱ የሚያሳያት ሰማይ ብቻ ነው። «አንተ መጽሐፍህን ንካ» ብላ ከለከለችኝ።

ችግሩ የተጀመረው ሰዓዳ የኋላ ግራ ጎማዋን ያስቀየረች ዕለት ነው። የቀየረላት እንድሪስ ጎሚስታው ነበር። እንድሪስ ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው አውራ መንገድ ዳር በቆርቆሮ ቤት ጎማ ይፈታል፣ ይጠግናል፣ ያስራል። ጎማ አስሮ ሲጨርስ ማንም ሰው ጎንበስ ብሎ አያይለትም፤ ያሰረው እንድሪስ ነው ከተባለ በቃ። ወደ ግሸን ተሳላሚ የሚጭነውም አውቶቡስ፣ ሽንኩርት የሚጭነውም አይሱዙ እሱ ጋ ቆሞ ነው የሚያልፈው። ከዚያ መታመን በቀር ይህ ነው የሚባል ሀብት የለውም። ቆርቆሮ ቤቱ እንኳ የተደገፈው በአሮጌ ጎማ ነው።

እንድሪስ ብዙ አይናገርም። ወሎ ውስጥ ብዙ የማይናገር ሰው ሲገጥመኝ ያው ዓይኔ ይከፈታል። ያን ዕለት አብሬያት ሄጄ ስለነበር አጠገቡ ቆሜ አየሁት። ቢስሚላህ አለና አንዷን ዳዶ ጠበቅ አደረጋት፣ ቀጥሎ ከእሷ ፊት ለፊት ያለችውን፣ እንዲያ እያለ ዞረ። ሁለተኛ ዙር ሲያጠብቅ በአንድ እጁ አጭር መፍቻ ይዞ ሳብ፣ ሳብ አደረገና አቆመ። የአንገቱ ሥር እንኳ አልተገተረም።

«ገና ጉልበት አለህ እኮ» አልኩት።

«አለኝ።»

«ታዲያ ለምን አቆምክ?»

«ይበቃታል» አለና መፍቻውን አስቀመጠ።

ሰዓዳ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። እኔ ግን የማየውን አይቻለሁ። ጉልበት ያለው ሰው ጉልበቱን የሚያስቀረው ለምንድነው? መልሱን ባጃጇ ውስጥ ተቀምጬ ቤት ሳንደርስ አገኘሁት። ላላ አድርጎ ይሰዳታል፤ በሳምንቷ እየተንገጫገጨች ትመለሳለች፤ ያጠብቃል፤ ላላ አድርጎ ይሰዳታል። መፍቻ የሚባለው ዕቃ ስሙ ራሱ ያሳብቃል፤ ማጥበቂያ ብሎ የሚጠራው ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል?

ሳይንስ ለዚህ ካልሆነ ለምን ይሆናል ብዬ ወረቀት አወጣሁ። የሰዓዳ የጎማ መፍቻ ከአንድ ስንዝር ትንሽ ይበልጣል። ከቤታችን ጓሮ ከድሮው የቧንቧ መስመር የተረፈ አንድ ሜትር የሚጠጋ የብረት ቱቦ ወድቋል። መፍቻው ጫፍ ላይ ሲሰካ ርቀቱ አምስት እጥፍ ይሆናል። እኔ በጉልበት የእንድሪስን ግማሽ ባክል እንኳ፣ በዚያ ቱቦ ሁለት እንድሪስ ተኩል እሆናለሁ ማለት ነው። ሒሳቡን ሁለቴ አየሁት፤ ልክ ነው። እስከ ዛሬም ልክ ነው።

በማግስቱ ሱብሒ ሰግጄ ስመለስ ሰዓዳ ገና እየሰገደች ነበር። ቱቦዬን ይዤ ባጃጇ ሥር ተንበረከክሁ። መፍቻውን ዳዶዋ ላይ፣ ቱቦውን መፍቻው ላይ አድርጌ ተጫንኩ። ዳዶዋ «ጢቅ» አለች። እውነት ለመናገር ደስ አለኝ። አሥራ አንድ ዓመት በሰሌዳ ላይ ብቻ የማውቃትን ነገር በእጄ ዳሰስኳት። ሁሉንም አዳረስኩና ከኪሴ ጠመኔ አውጥቼ ከየዳዶዋ እስከ ቸርኬው ድረስ ቀጭን መስመር አሰመርኩ። አንድ ሰው ቢነካት መስመሩ ይዛነፋል፤ ይህም ሳይንስ ነው።

በሁለተኛው ቀን መስመሩ እንዳለ ነው። ለማረጋገጥ ብቻ ተጫንኩ። ዳዶዋ እንደገና ዞረች፤ እንዲያውም ከትናንቱ በቀለለ ጉልበት። እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን ግራ ይጋባል። እኔ ግን የሠለጠነ አእምሮ አለኝ። ዳዶዋ ትናንት እስከ መጨረሻው ጠብቃለች። ዛሬ ደግሞ ትዞራለች። ስለዚህ አንድ ሰው አላልቷታል። መስመሩ ግን አልተዛነፈም። ስለዚህ ያላላው ሰው ካላላ በኋላ መስመሩን መልሶ በልኩ አስምሮታል። ስለዚህ ይህ ተራ ሰው አይደለም። ጥንቃቄ ያለው፣ ሙያውን የሚያውቅ፣ እጁ የማይንቀጠቀጥ ሰው ነው። ሐይቅ ላይ እንዲህ ያለ እጅ ያለው ማን እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም።

ማታ ማታ በጎማው ዙሪያ አመድ መበተን ጀመርኩ። ጧት የዶሮዋን ዱካ አገኘሁ፤ ዶሮዋንም አልናቅኋትም፣ ተከታተልኳት። የሰው ዱካም አገኘሁ። ለክቼ ሳየው የእኔ ነው። የራሴን ስለማውቀው በእግሬ አጠፋሁትና ሌላ ፍለጋዬን ቀጠልኩ። በአራተኛው ቀን ዳዶዋ ያለ ምንም እንቢታ ዞረች። ይህ ሰው ደፈረኝ አልኩ።

በዚያው ሰሞን ሰዓዳ በእንድሪስ በር ስታልፍ፣ እንድሪስ እሷን ትቶ ጎማዋን እንደሚያይ ልብ አልኩ። ከዓረብ አገር የመጣች፣ ሽቶ የምትቀባ ሴት እያለፈች ጎማ የሚያይ ወንድ ምን ማለት ነው? ይባስ ብሎ አንድ ቀን እቤት ድረስ መጣ። በሩ ላይ ያገኘው እኔን ነበር።

«ቲቸር፣ ያችን የኋላ ጎማ የሚነካት ሰው አለ እንዴ? አካሄዷ ደስ አላለኝም። ሰዓዳ ላንዳፍታ ታምጣልኝና ልያት።»

«የሚነካትን አንተ ታውቃለህ» አልኩት፣ ዓይን ዓይኑን እያየሁ።

ጎማዋን ከሩቅ አየት አደረገና ሄደ። ለሰዓዳ መምጣቱን ነገርኳት፤ ግን ሥራ ሲጠፋበት ሥራ ሊፈጥር ነው የመጣው፣ እንዳታስነኪው ብዬ አስጠነቀቅኋት። የገበያ ሰሞን ስለነበር እሷም ጊዜ አጣች። እዚህ ጋ የሠራሁትን ስህተት ሌላ ጊዜ ስናገረው ድምፄ ዝቅ ይላል፤ ስጽፈው ግን ድምፅ ስለሌለው ይኸው ጽፌዋለሁ።

የገበያ ዕለት እናታችን አርዲቦ ካለችው እህቷ ዘንድ ስትመለስ ሰዓዳ ጫነቻት። ሁለት ጆንያ በቆሎም ነበራቸው። አንድ ኩርባ ላይ ሲደርሱ የኋላ ግራ ጎማ ወለቀችና ባጃጇን ቀድማ ሄደች። ሰዓዳ በኋላ ስትነግረኝ፣ «የማን ጎማ ነው ይኼ?» ብላ ነበር መጀመሪያ። ባጃጇ በጎኗ ቦዩ ውስጥ ጋደም አለች፣ እናቴ በቆሎው ላይ ወደቀች። ጎማዋ አንድ ሽንኩርት ማሳ ገብታ ቆመች። ባለማሳው ሽንኩርቱን ስለደፈጠጠችበት ሳይሆን ሰው ስለተረፈ አላህን እያመሰገነ፣ ጎማዋን በትከሻው ተሸክሞ አምጥቶ መርቆ ሰጣቸው። እናቴ ጉልበቷ አበጠ እንጂ ሌላ አልሆነችም። «የሰው ዓይን ነው» አለች።

«የሰው እጅ ነው» አልኩ እኔ።

ያልነገርኩት ሰው የለም። ጠመኔውን፣ አመዱን፣ በአራት ቀን የታየውን ልዩነት፣ ሁሉንም በቅደም ተከተል አስረዳሁ። በየቀኑ ማን ዳዶዋን ሲፈትሽ እንደነበር ሲጠይቁኝ «ክትትል ነበር» ብቻ ነው የምለው። አስተማሪ ሲናገር ሰው ያምናል፤ ይህን ያህል እንደሚታመን ግን አላውቅም ነበር። በሦስት ቀን ውስጥ የእንድሪስ በር ጭር አለ። ሚኒባሶቹ ከእሱ ማዶ ወዳለው ጎሚስታ ተሻገሩ። እንድሪስ የጎማ ክምር ላይ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ይቀመጣል። ጥፋተኝነቱ ፊቱ ላይ ይነበብ እንደሆነ ለማየት ሦስት ጊዜ በበሩ አለፍኩ። ሦስቴም ሰላም አለኝ።

ሰዓዳ ብቻ አላመነችኝም። «ሲያላላት በዓይንህ አየኸው?» አለችኝ። አላየሁም ስላት ማናገር ተወችኝ። እናቴ በበኩሏ ነገሩ እንዲህ ተንጠልጥሎ አይቅር አለች። እኛ ጋ ጥፋት ደርሶ አጥፊው ሲጠፋ አውጫጪኝ የሚባል ነገር አለ። ሰፈሩ ሁሉ አንድ ቦታ ይቀመጣል፣ የሚያውቅ እንዲናገር ይጠየቃል፣ የሚናገር ከጠፋ ዱዓ ይደረግና ነገሩ ለአላህ ይሰጣል። ዛሬ ዛሬ ብዙም የሚጠራው የለም። የሰፈራችን ሽማግሌ ሐጂ ይማም ግን አልተዉትም፤ ለጠፋ በግ እንኳ ያስቀምጡናል።

ዓርብ ከጁሙዓ በኋላ ከመስጊዱ ማዶ ባለው ዛፍ ሥር ተሰበሰብን። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ሰፈር ነዋ፣ ሁሉም መጣ። ጎረቤታችን እማማ አስካለ ነጠላቸውን አስተካክለው ከእናቴ ጎን ተቀመጡ። ሐጂ ይማም አንድ በአንድ ጠየቁ። የሚያውቅ የለም። እንድሪስ ተራው ሲደርስ ተነሣና፣ «ያሰርኳት እኔ ነኝ፤ ከዚያ ወዲያ እጄን አላሳረፍኩባትም» አለ። ከዚያ በላይ አንድ ቃል አልጨመረም። አያችሁ፣ ንጹሕ ሰው ቢሆን ይናገራል ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

ሐጂ መዳፋቸውን ዘረጉና፣ «ይችን ጎማ ያላላ ሰው ካለ አላህ ልብ ይስጠው» ብለው ሊጨርሱ ሆነ። እኔ ተነሣሁ።

«ሐጂ፣ አፉ ይበሉኝና ይሄ ዱዓ ላላ ያለ ነው» አልኳቸው።

«እንዴት ይሁን ታዲያ መምህር?»

«በመጀመሪያ ‹ያላላ› የሚለው ቃል ጠባብ ነው። እኔ አላላሁም፣ ነካሁ እንጂ ብሎ የሚያመልጥ ይኖራል። ስለዚህ፣ ባለቤቷ ሳታውቅ በድብቅ በዚያች ጎማ ላይ መፍቻ ያሳረፈ ሰው ሁሉ፣ በሰው ፊት ወጥቶ እስኪናገር ድረስ፣ እጁ የያዘው ነገር አይጽናለት ይበሉ።»

«ኧረ ይከብዳል ልጄ።»

«ይክበድ» አልኩ።

ሐጂ መዳፋቸውን እንደገና ዘረጉ። ከዚያ እንዳልኩት፣ ቃል ሳያጎድሉ አሉት። መዳፉን ያልዘረጋ አልነበረም፤ እማማ አስካለም ዘርግተዋል። «አሚን» ሲባል ዛፉ ላይ የነበሩት ወፎች ተነሡ። ከሁሉም የሚሰማው የእኔ ድምፅ ነበር። እንድሪስ ግን እጁን ከጉልበቱ አላነሣም፤ ከንፈሩም አልተንቀሳቀሰ። ሰዓዳን በክርኔ ነካ አደረግኋትና «አየሽው? አሚን አላለም» አልኳት።

የዚያኑ ዕለት አመሻሽ የሻይ ብርጭቆ ከእጄ ወደቀ። እናቴ በዘይት እጇ አጥባው ነው አልኩ። ቅዳሜ የባልዲው ማንጠልጠያ ተነቀለ፤ ባልዲው አሮጌ ነው። ሰኞ ክፍል ውስጥ ጠመኔ ሦስት ጊዜ እጄ ላይ ተሰበረ፤ የዘንድሮ ጠመኔ ጥራት የለውም። በእረፍት ሰዓት የአርባ ልጅ የፈተና ወረቀት ነፋስ ከእጄ ነጥቆ እስከ አጥሩ ወሰደው። በነፋስ ማንን ልክሰስ? ማክሰኞ ሌላ ብርጭቆ ተሰበረ። መሬት ቁጢጥ ብዬ ስባሪውን እየለቀምኩ፣ እንዲያው ለወጉ ያህል የዱዓውን ቃል በልቤ ደገምኩት። ባለቤቷ ሳታውቅ። በድብቅ። በዚያች ጎማ ላይ። መፍቻ ያሳረፈ።

እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ ተከራከርኩ። የእኔ ማጥበቅ ነው፣ የእሱ ማላላት ነው፣ አንድ አይደለም አልኩ። ግን «ያላላ» የሚለውን ቃል በገዛ አፌ አስወጥቻለሁ። ሐጂ እንደጀመሩት ትተውት ቢሆን ኖሮ ነፃ ነበርኩ። አንድም ቀዳዳ ሳላስቀር የደፈንኩት እኔ ራሴ ነኝ፤ ከውስጥ ሆኜ። ከዚያ ደግሞ፣ እንድሪስ እዚያው ዱዓ ውስጥ ከእኔ ጋር ከገባ የእሱም እጅ ዕቃ መያዝ አቅቶት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ሄጄ ላየው ቆረጥኩ። ዕቃ ከእጁ ሲወድቅ ካየሁ ጉዳዩ አለቀ።

ስደርስ ከጎማ ውስጥ የወጣ አሮጌ ካላማዳሪ እየጠገነ ነበር። መቀሱ፣ ማስቲሹ፣ ወረንጦው፣ ሁሉም እጁ ላይ እንደ ተሰፋ ነው። ለምን እንደመጣሁ አልጠየቀኝም። ከአንድ የቲማቲም ጣሳ ውስጥ ዳዶ የሚታሰርባቸውን ሁለት ቡሎን አወጣና መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። አንደኛው አዲስ ነው። ሌላው ከሰዓዳ ጎማ የተበጠሰው። የተበጠሰው ቡሎን አንገቱ ላይ ቀጥኗል፤ ጥርሶቹም ተራርቀዋል።

«ይችን ማንም አላላላትም ቲቸር» አለ። «ጠብቃ ነው የሞተችው። ቡሎን ስታጠብቃት ትሳባለች፤ ተስባ ነው ጎማውን የምትይዘው። ልኳን ካለፍክ ግን ተስባ ትቀራለች። ስትዞርልህ እየላላች እንዳይመስልህ፣ እየተጎተተች ነው።»

እኔ ይህን አላውቅም? አስተምረዋለሁ። ላስቲክ ሲሳብ ይመለሳል፣ ከልኩ ሲያልፍ እንደ አሮጌ ሱሪ ላስቲክ ረዝሞ ይቀራል፤ ብረትም ያው ነው። ግን ይህ ያለው ቶርክ ካለበት ሁለት ምዕራፍ አልፎ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሁለቱን ምዕራፎች አስተምሬ፣ አንድም ቀን አስተዋውቄያቸው አላውቅም።

«የዳዶዋ ማዕዘን ተበልቷል፣ በረጅም ነገር የተጫናት ሰው ነው» ብሎ ቀጠለ። «ሥሯም ጠመኔ አለ። ሐይቅ ላይ ጠመኔ በኪሱ የሚዞር ብዙ ሰው የለም።»

«መቼ ነው ያወቅኸው?»

«የወደቀች ዕለት። ባጃጇ ጋ ሄጄ ቡሎኗን ሳያት።»

«ታዲያ ዓርብ ለምን ዝም አልክ? ሰው ሁሉ አንተን ሲያይ?»

ካላማዳሪውን ገለበጠው። «የተማሪዎችህ አባቶች ነበሩ የተቀመጡት» አለ።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኝ ነበር። «አሚን ያላልከውስ?»

«በማን ላይ ልበል?» አለኝ።

አፈርኩ። ሰው ሲያፍር መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ይላል፤ እኔ ግን መሬቷ እስክትከፈትም አልጠበቅሁ፣ ያቺ ቆርቆሮ ቤት ብትወድቅብኝ በወደድኩ ነበር። ይህ ሰው በእኔ ምላስ እንጀራው ሲዘጋ፣ እርግማኑ በእኔ ላይ እንዳይወርድ አፉን ዘግቶ ተቀምጧል። እኔ ደግሞ ያንን ዝምታ ማስረጃ ብዬ ቆጥሬዋለሁ።

ሐጂ ቤት በሩጫ ነው የሄድኩት። ዓርብን መጠበቅ አልቻልኩም፤ ዛሬውኑ ከዐስር ሰላት በኋላ ሰው ይጠሩልኝ ብዬ ለመንኳቸው። ሰው ተሰበሰበ። መንገድ ላይ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። ስለ ኃይል፣ ስለ ርቀት፣ ስለ በር ማጠፊያ ጀመርኩ። ስለ ላስቲክ ስደርስ እማማ አስካለን እንቅልፍ ሸለብ አደረጋቸው።

«መምህር» አሉ ሐጂ፣ «ባጭሩ፣ ማን ነው?»

«እኔ ነኝ፤ በጓሯችን ቱቦ።»

ከዚያ እናቴ በዱላዋ ተደግፋ ተነሣች። «ይሄን ጉልበቴን ያሳበጥከው አንተ ነህ?»

«አፉ በይኝ እማ።»

«አፉ ብያለሁ። ቱቦው ግን ከዛሬ ጀምሮ የእኔ ነው» አለች። ለጀርባዬ እንደፈለገችው ሁሉም ገባው።

ወደ እንድሪስ ዞርኩ። ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብዬ፣ ባላጠፋኸው አጥፍተሃል ብዬሃለሁ፣ ያሰርካት በልኳ ነበር፣ ያበላሸኋት እኔ ነኝ፣ አፉ በለኝ አልኩት። «አፉ ብያለሁ» አለ፤ ረጅም ንግግር አልነበረም። ሐጂ ያንን ዱዓ አነሡልኝ። ግን አንድ ነገር ጨመሩ፦ ነገ ጧት ባጃጇ አዲሱ ቡሎን ሲገባላት ዳዶዋን እኔ እንዳስር፣ እንድሪስ በር ላይ፣ በእሱ መፍቻ፣ ሰው እያየ።

ሰውም ሊያይ መጣ። ወደ ማዶ የተሻገሩት ሹፌሮች ሳይቀሩ ተመልሰው ቆሙ። እንድሪስ አጭሩን መፍቻ ሰጠኝ። ተንበረከክሁ።

«እንደበቃት በምን አውቃለሁ?»

«እጅህ ይነግርሃል።»

«እጄ ቢዋሸኝስ?»

እንድሪስ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው። ሹፌሮቹም ሳቁ፤ እኔ ግን የምሬን ነበር። አንዷን ጠበቅ፣ የፊት ለፊቷን ጠበቅ፣ እንዲያ እያልኩ ዞርኩ። በሁለተኛው ዙር አንድ ቦታ ላይ ዳዶዋ እጄ ውስጥ ቆም አለች። ገና ጉልበት ነበረኝ። በሕይወቴ እንደዚያ የከበደኝ ሥራ የለም፤ ያንን የቀረኝን ጉልበት አለመጨመር።

«ይበቃታል?» አልኩ።

ጎንበስ ብሎ ያይልኛል ብዬ ጠበቅሁ። አላየም። ለሰዓዳ በእጁ ሂጂ አላት። እናቴ ገባች፣ ሁለት ሴቶችም ተጨመሩ፣ ሞተሩ ተነሣ።

«እንድሪስ፣ አላየሃትም እኮ» አልኩት።

«አጥብቀሃት የለ?» አለና ወደሚቀጥለው ጎማ ዞረ።

ባጃጇ በአርዲቦ መንገድ ታጠፈች። ሰው ሁሉ ወደየሥራው ተመለሰ፤ አንድ ሚኒባስ በክሪክ ብድግ ተደረገ። እኔ መንገድ ዳር ቆሜ ቀረሁ። እንድሪስ በርጩማ ገፋ አደረገልኝና፣ «አብሽር፣ ተቀመጥ እንጂ» አለኝ። እሱ እጄን አምኖ እናቴን ሰዷታል። እኔ ግን ሰዓዳ ተመልሳ በታጠፈችበት ኩርባ ብቅ እስክትል ድረስ አልተቀመጥኩም።